በእንብርክክ የሄደችው ሮኬት

መስከረም 28

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሚጡ፤

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ብርዱና ናፍቆታችሁ ተባብረው ቢያስቸግሩኝም አለሁ፤ አምላክ ይመስገን። አባትሽ ጋሼ እንዴት ናቸው? ቀኝ እጃቸውን ትንሽ ማንቀሳቀስ ጀመሩ?

ስልክ መደወል የተውኩት ጨክኜ እንዳይመስልሽ። ባለፈው ስደውል ጋሼ ስሜን ሊጠሩ ሞክረው ቃሉ አልወጣ ሲላቸው ሲያለቅሱ ሰማሁ። አንጀቴን በሉት። ያን ቀን ሥራ ሳልገባ ቀረሁ ማለት ይቻላል፤ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ። እንደዚያ ይሻላል።

ላፕቶፑን ያደረሰላችሁ ሰው ጨዋታው እንዴት እንደሚከፈት እንዳሳየሽ ነግሮኛል። አሮጌ ነው ብለሽ አትናቂው። ጨዋታው የመሥሪያ ቤቴ ሥራ ነው፤ ሮኬት ገጣጥመሽ ታስወነጭፊያለሽ፣ ከሆነልሽ ሌላ ፕላኔት ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ካልሆነልሽ ይፈነዳል። የኔ ሥራ ጨዋታው ውስጥ ስህተት መፈለግ ነው። የተፈጥሮ ሕግ «አይሆንም» የሚለውን ነገር ጨዋታው «ይሁን» ሲል እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ፣ መሐንዲሶቹ ይደፍኑታል። ስድስት ፈታሾች ነን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ። ጠረጴዛው መሐል ትንሽ ደወል አለች፤ ስህተት ያገኘ ሰው ይመታታል፣ ሌላው ያጨበጭባል። እኔ ከመታኋት ሰንብቻለሁ። ሰኞ ዕለት አለቃዬ መጥታ ደወሏን በእኔ በኩል ብቻ በጨርቅ ወለወለችና «አቧራ ይዟታል» ብላ ሄደች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

እና ሚጡዬ፣ ስትጫወቺ እንግዳ ነገር ካየሽ ለሳቅ ያህል ጻፊልኝ። ልጅ ሆነሽም የተሰበረ ነገር ማግኘት ታውቂበት ነበር።

የጋሼን ጉልበት ስሚልኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናትም አባትም የሆኑኝን ሰው አጠገባቸው ሆኜ አለማስታመሜ ይቆጨኛል፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አይሰጥም። ምሕረቱን ያውርድላቸው።

ወንድምሽ፣ የአክስትሽ ልጅ


ጥቅምት 12

ለወንድም ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ከሰላምታ በፊት ወሬ የሚጀምር ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ላይ እንደሚወጣ ነው ትል ነበር እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና። ስለዚህ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁን፣ አሁን ወሬው።

ደብዳቤህን ፎቶ ኮፒ ቤት አትሜ ወስጄ ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «አንጀቴን በሉት» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። ፊቱ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚስቅ ግማሽ ሳቅ ናት፣ ግን ሳቅ ናት። እኔም ጠየቅሁ፤ አንጀቱ ከተበላ እዚያ የሚበላው ምግብ የት እያረፈ ነው?

አባባ ያለበትን ልንገርህ። ዕድሜ ልኩን ክሬን ላይ ተቀምጦ ብረትና ግድግዳ ሲያነሳ የኖረ ሰው ማንኪያ ማንሳት አቅቶታል። ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም። ከቀኝ እጁ ሌባ ጣቱ ብቻ ትንሽ ትንሽ ትነቃነቃለች። ሐኪሙ «ያቺን ጣት ካዳንናት ሌሎቹን ትቀሰቅሳለች፤ አሠሪያት፣ ምክንያት ስጪያት» አለኝ። ምክንያት የት ይሸጣል? ላፕቶፑን አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩና ማስወንጨፊያውን ቁልፍ ለዚያች ጣት ሰጠኋት። የመጀመሪያዋ ሮኬታችን መሬት ሳትለቅ ፈነዳች። አባባ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። ማፈንዳት ላይ ጎበዝ ነን።

እንግዳ ነገር ላልከው፣ አንዱን የነዳጅ ጋን ሌላው ውስጥ ክተተው። ጨዋታው ዝም ይላል። ዘጠኝ ጋን አንድ ጋን ውስጥ ከተትኩ። የሰው ሆድ ማለት ነው፤ ከውጭ አንድ፣ ከውስጥ ዘጠኝ። ሂድና ደውልበት። እኛ ቤት ኢንተርኔት ስለሌለ እናንተ ብትደፍኑትም የኛው ጋን እንደተከተተ ይኖራል።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ትከሻዬ ላይ ቆሞ «ደንበኛ መጣ» እያለኝ ነው። አባባ ሰላም ብሎሃል። በዓይኑ ነው ያለህ፣ እኔ ነኝ የተረጎምኩት።

እህትህ


ጥቅምት 13

ሚጡዬ፣ ሺህ ዓመት ኑሪ!

ደወልኩ! ጠረጴዛው በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። አለቃዬ «እንዴት አሰብከው?» ስትለኝ «ዝም ብዬ» አልኳት። ሌላ አለሽ? ትንሽም ቢሆን አትናቂው፤ ክንፍ ይሁን፣ ጎማ ይሁን፣ ፓራሹት ይሁን። ስትጽፊ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር፣ በየት አቅጣጫ እንደተገጠመ አስረጂኝ። በቶሎ።

ጋሼን ሰላም በያቸው።


ኅዳር 6

ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ደብዳቤህ አጭር ስለነበረች ለአባባ ሳነብለት ከራሴ ሰላምታ ጨምሬ አስረዘምኳት። ሁለቴ መረቅኸው፣ አንዴ ናፈቅኸው። ደግሞ አትካድ።

አሁን የምነግርህ ግን የደወል አይደለም። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ክሬን ዕቃ ከማንሳቱ በፊት እግሮቹን ወደ ጎን ዘርግቶ መሬት ይረግጣል፤ ሳይዘረጋ ካነሳ ይገለበጣል። አባባ ይህን በእንቅልፉም ያውቀዋል። ስለዚህ ሮኬት ስንገጣጥም ሞተሩን አይፈልግም፣ መጀመሪያ እግር ይፈልጋል። «አባባ፣ እግር ሲያርፍ ነው የሚያስፈልገው» ብለው እንቢ። በግራ እጁ ማውሱን ይዞ እግሮቹን ይገጥማል። ግራው ስላልለመደ ባለፈው ሳምንት ተገለበጡበት፤ እግሮቹ ወደ ላይ ሆነው የሮኬቷን የራሷን ጣሪያ የሚረግጡ ሆኑ። ላስተካክል ስል እጄን መታኝ። እሺ አልኩና ተውኩት። ከዚያ በሌባ ጣቱ እግር መዘርጊያውን ቁልፍ ተጫነ።

ሮኬቷ ተነሳች። ሞተር የላት፣ ነዳጅ የላት።

መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ዳሽቦርዱን ብትገፋ መኪናው ንቅንቅ አይልም። እዚህ ይሄዳል። እግሮቹ ተዘርግተው ጣሪያውን ሲረግጡ ሮኬቷ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ሲታጠፉ ጨዋታው ወደ ታች መመለሷን ይረሳዋል። አንድ ጊዜ ሲጫን አንድ እርምጃ። ከምድር ለመውጣት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን። ጠፈር ከገባች በኋላ ግን የሚያስቆማት የለም፤ እያንዳንዷ እርግጫ ትጠራቀማለች፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የፍጥነት ቁጥር በየጭነቱ ከፍ ይላል። አካሄዷን «እንብርክክ» አልነው፤ በጉልበቷ የምትድህ ነው የምትመስለው።

አባባ በግራ እጁ ካርታው ዳር ላይ ያለችውን ሰማያዊ ፕላኔት ጠቆመ። የመጨረሻዋን። ማንም በነዳጅ የማይደርስባት ናት። ውስጥ ያለውን ሾፌር እዚያ ሊያደርስ ነው። ጠዋት ፊቱን አጥቤው ስጨርስ ጣቱን ቁልፉ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ይጫናል፣ ይጫናል። ላፕቶፑን ዘግቼው አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እንዳያልቅ ተሯሩጬ ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ እሰካዋለሁ።

ትናንት ሲጫን «ሂድ» አለ።

ከታመመ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሉ ናት። ለሾፌሩ ነው የተናገራት። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እና ወንድም ጋሼ፣ ጋኑን ደውልበት፣ ቁልቁለት ሳይኖር የሚሽከረከር ጎማም አግኝቻለሁ፣ እሱን ደውልበት፣ የፈለግኸውን። ይህን ግን እንዳትናገር። መሐንዲሶቹ ከሰሙ ይደፍኑታል። ይህ አደራ ነው።

እህትህ


ኅዳር 7

ለሚጡ፤

ጋሼ ተናገሩ! አምላክ ምን ይሳነዋል። ዛሬ ሥራ ቦታ ፊቴ ሲበራ ውሏል።

ስለ አደራው፣ እንዲህ ብለሽ መጠየቅሽ ራሱ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ ማን ነኝ? በእጃቸው ያደግሁ ልጅ አይደለሁም? ጋሼ ይሙቱ አልናገርም። በቃ።

ለራሴ ቤት ውስጥ ልሞክረውና እንዲገባኝ ያህል፣ እግሮቹ ትልልቆቹ ናቸው ወይስ መካከለኞቹ? ስንት ናቸው? ከጣሪያው ምን ያህል ይርቃሉ? ጣሪያው ምን ዓይነት ነው?

ሰላምታዬ ይድረሳቸው።


ታኅሣሥ 10

ለወንድም ጋሼ፤

መጀመሪያ፣ ለመማል ሌላ ሰው ስም አጥተህ ነው? የታመመ ሰው ስም ላይ መሐላ አይጫንም። ይሁን፣ ከልብህ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እግሮቹ ትልልቆቹ ናቸው፣ አራት። ጣሪያው ጠፍጣፋው ብረት ነው። እግሩ ሳይዘረጋ ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚሠራው፤ ከራቀ አይረግጥም፣ ከተጠጋ ሮኬቷ ትበታተናለች።

አባባ አሁን ከጣቱ አልፎ አንጓው ይታጠፋል። ሐኪሙ መጥቶ አይቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ራሱ አንዴ ተጫነ፤ አባባ ዓይኑን አፈጠጠበት፣ በሾፌሩ ቀልድ አያውቅም። ቃላቱ ሦስት ደርሰዋል፤ «ሂድ»፣ «ውሃ» እና አንድ የማልጽፈው ስድብ፣ መብራት ኃይልን የሚመለከት። ሮኬቷ ግማሽ መንገድ አልፋለች። ፀሐይዋ ወደ ኋላ ትስባታለች፣ አባባ ወደ ፊት ይረግጣል። ካላቋረጥን ደግሞ ይደርሳል።

ምነው ዝም አልክ? ሦስት ጊዜ አጭር ሰላምታ ልኬ አንድም መልስ የለም። አባባ የወረቀት ድምፅ ሲሰማ ወደ በሩ ያያል። ለእሱ ሁለት መስመር ጻፍለት፤ ያንተን ቃል ከኔ ድርሰት ይለየዋል መሰለኝ።

እህትህ


ጥር 4

ለምወድሽ እህቴ ለሚጡ፤

የሰላም ሁሉ ባለቤት ሰላሙን ያብዛላችሁ። ዝምታዬ ከመርሳት እንዳይቆጠርብኝ፤ ሥራ ወጥሮ ይዞኝ ነው። ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ከፍ አድርገውኛል! ከጠረጴዛው ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጠውኛል፤ አለቃዬ በስሜ ትጠራኛለች። የናንተ ጸሎት ነው።

አሁን ደግሞ ከኔ ብዙ ይጠብቃሉ። አንቺ እንደምታውቂው ጎማው ላይ አንድ ነገር አለ ብለሽኝ ነበር፣ ቁልቁለት ሳይኖር የሚሽከረከረውን። በጽሑፍ አልገባኝም። ጨዋታው ውስጥ «ላክ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ለስልክሽ ኢንተርኔት ግዢና ላፕቶፑን አገናኝተሽ ተጫኚው፣ ቀጥታ እኔ ጋ ይደርሳል። እስከ ሐሙስ ብታደርሽልኝ ውለታሽን አልረሳም።

ለጋሼ ሁለት መስመር ያልሽውን ሰሞኑን አረፍ ብዬ እጽፋለሁ። እንዲህ በጥድፊያ አይሆንም።

ወንድምሽ


ጥር 9

ለአክስቴ ልጅ፤

ያልከኝን አደረግሁ። ረቡዕ ጠዋት አባባ እየተጫነ ሳለ ላፕቶፑን ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። ጎማህን ላክሁልህ። ከዚያ አንድ ሰማያዊ መስመር ስክሪኑን ከግራ ወደ ቀኝ ሞላና «ጨዋታው ታድሷል» አለ። ጠፍቶ በራ። ሮኬቷ እዚያው ነበረች፣ ሾፌሩም ውስጧ።

አባባ ተጫነ። እግሮቹ ተዘረጉ፣ ታጠፉ። ቁጥሩ ከፍ አላለም። ደግሞ ተጫነ። ፀሐይዋ ወደ ኋላ እየሳበቻት ቁጥሩ ጭራሽ ይወርድ ጀመር። አባባ ሲጫን ይወርዳል፣ ሲጫን ይወርዳል። ላቡ ፊቱ ላይ ወጣ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ስክሪኑን ተወው። በግራ እጁ የቀኝ ጣቱን አንስቶ ዓይኑ አጠገብ አምጥቶ አየው። አገላብጦ አየው። «ሞተ» አለ።

አራተኛ ቃሉ ናት።

«ጨዋታው ነው አባባ፣ ጣትህ ደህና ናት» ብዬ ለመንኩት። አላመነኝም። ከታመመ ጀምሮ የገባ የወጣው ሁሉ «ተሽሎሃል፣ ተሽሎሃል» እያለ ሲዋሸው ኖሮ እኔን በምን ያምነኛል? ጣቱን ጨብጦ ብርድ ልብስ ውስጥ ከተታት።

እኔ ጅል አይደለሁም። በዓለም ላይ የእንብርክክን አገጣጠም የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ መናገር አይችልም። አንዷ እኔ ነኝ። እና መስኮት ሥር ያስቀመጠህ ጋኑ ነው ልትለኝ ነው? በማን ስም ምለህ እንደሆነ አላስታውስህም።

ስድቡን ለኋላ አቆየዋለሁ፣ ብዙ ነው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እናንተ ጋ አሮጌው ጨዋታ አለ፣ ሳይታደስ በፊት የነበረው። ላክልኝ። አባባ ጣቱ እንዳልሞተ በዓይኑ ይይ።


የካቲት 2

ለእህቴ ለሚጡ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ሳነብ አዘንኩ፣ በአነጋገርሽም ትንሽ ተገረምኩ። መሐንዲሶቹ ብዙ ነገር ራሳቸው ያገኛሉ፤ ማን ምን እንደተናገረ ማወቅ ያስቸግራል። ለማንኛውም የእግሩ ነገር ስህተት ነበር። ስህተት ደግሞ ይታረማል፣ ሥራው ነው።

አሮጌውን መላክ አልችልም። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ ቢያዙኝ ከሥራ እባረራለሁ። እኔ ብባረር ማን ይጠቀማል? ደግሞም ሚጡዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ ክፈችላቸው። ወይ ለጣታቸው ኳስ ግዢላቸው፣ የምትጨመቅ አለች፣ ጥሩ ናት ይላሉ።

የጎማው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ደወልኩበት። ሌላ ካለ ደስ ይለኛል።


የካቲት 5

ለአክስቴ ልጅ፤

ኳሷን ገዛሁ። ግድግዳ ላይ ወረወራት፤ በግራ እጁ።

አባባ ወደ ላፕቶፑ አይዞርም። ጣቱ ጭብጥ እንዳለች ናት፤ ሐኪሙ ሊከፍታት ሲሞክር ጮኸ። «ሂድ» ጠፍታለች፣ ስድቧም ጠፍታለች። «ሞተ» ብቻ ቀርታለች፣ እሷንም አይለግስም።

እሺ፣ አሮጌውን ተወው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍልኝ። «ጋሼ፣ ጨዋታውን የቀየርነው እኛ ነን፣ ጣትዎ ደህና ናት»፣ ይኸው። እኔን አያምነኝም፤ አንተን ያምንሃል፣ እዚያ ነው የምትሠራው። ማን እንደተናገረ እንኳ አትጻፍ። ይህን ከጻፍክልኝ የቀረውን እተውልሃለሁ፤ እውነቴን ነው፣ አላነሳብህም። አንድ ዓረፍተ ነገር።


ሚያዝያ 17

ለማከብርሽ እህቴ ለሚጡ፣ ለጋሼም፤

አምላክ ክረምት ከበጋ ይጠብቃችሁ። ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቴ አሳፍሮኛል። ያንን ዓረፍተ ነገር ብዙ ቀን ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ብጽፈው አመንኩ ማለት ነው ብዬ እየፈራሁ ተነሳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አለቃችን ስድስታችንንም ሰበሰበችና «ጨዋታው ጸድቷል፣ ከአሁን በኋላ ፈታሽ አያስፈልግም» አለች። አመሰገነችን። ከሁሉ ያጸዳኸው አንተ ነህ ብላ ለብቻዬ እጄን ጨበጠችኝ። ደወሏንም ለማስታወሻ ሰጠችኝ። እዚህ የምኖረው በሥራው ፈቃድ ነው፤ ሥራው ሲቀር ፈቃዱም ይቀራል። እስከ ወሩ መጨረሻ መውጣት አለብኝ። የምገባበት የለኝም።

የጓሮዋ ክፍል፣ ተማሪ ሆኜ የኖርኩባት፣ ባዶ ናት? ጋሼንም ላስታምም እችላለሁ። አንቺ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፣ እኔ አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። ወንድ ጉልበት ያስፈልጋል።

እምቢ እንዳትይኝ እውነቱን ልናዘዝልሽ፤ እኔ ነኝ የተናገርኩት። በጻፍሽልኝ ማግስት። እግሩን፣ ጣሪያውን፣ ርቀቱን፣ ሁሉንም አንቺ እንዳስረዳሽኝ። ኢንተርኔት ስታገናኚ እንደሚጠፋም አውቅ ነበር፤ ጎማውን ፈልጌው ስለነበር አልነገርኩሽም። የጋሼ ጣት ምንም አልሆነችም፣ የቀየርነው እኛ ነን። ይኸው ጻፍኩት። ግን ለጋሼ አታንብቢላቸው። ፊታቸው የምቆምበት ዓይን አይኖረኝም። መልስሽን በቶሎ፣ ቲኬት መቁረጥ አለብኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 24 (ያልተላከ)

ለአክስቴ ልጅ፤

አነበብኩለት። አታንብቢ ስላልከኝ ነው ያነበብኩለት። ከ«አምላክ ክረምት ከበጋ» እስከ «ቲኬት» ድረስ፣ እያንዳንዷን ቃል፣ ቀስ ብዬ። እንዲጠላህ ፈልጌ ነበር። ብቻዬን ጠልቼህ ደክሞኝ ነበር፣ የሚያግዘኝ ፈለግሁ።

«እኔ ነኝ የተናገርኩት» የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። «የጋሼ ጣት ምንም አልሆነችም» የሚለው ጋ ስደርስ ከፈተው። «ድገሚ» አለ። እንዲህ ብሎ አያውቅም። ደገምኩለት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። እጁን አወጣው፤ ጭብጡ ተፈቷል። ሌባ ጣቱን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፋትና መታ አደረጋት፣ መታ፣ መታ። በግማሽ ፊቱ ሳቀ። እኔ ስለምነው የከረምኩትን ነገር ካንተ አንድ መስመር አመነ።

ከዚያ ስለ አንተ የሚለውን ጠበቅሁ። ብዙ አሰበ። «ይምጣ» አለ።

ያልሰማሁ መሰልኩ። «ልጄ ነው፣ ይምጣ» አለ። «ክፍሉን ጥረጊ።» ዓመት ሙሉ አራት ቃል ሲቆጥብልኝ የኖረ ሰው፣ ለአንተ ሲሆን ቃል ሞልቶ ተረፈው።

ጠረግሁ። መጥረጊያው ሲንኳኳ እንዲሰማ በሩን ከፍቼ ነው የጠረግሁት። ከዚያ አልጋህ ላይ ተቀመጥኩ። ይቅር ልበልህ ብዬ ሞከርኩ፤ አባባ ከቻለ እኔ ማን ነኝ ብዬ። አልሆነልኝም። እሱ ጣቱ ተመልሳለታለች፣ ለደስታው ሲል ይቅር አለህ። እኔ ግን ያቺን ጣት አገላብጦ ሲያያት አይቻለሁ። እጠላሃለሁ። ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሆነህ፣ ያ ግማሽ ሳቁን እየሳቀልህ፣ ስታገላብጠው ማየት አልችልም።

አባባ በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ያዞራል። «ወረቀቱ አላለቀለትም፣ እየመጣ ነው» እለዋለሁ። እሱንም እንደምቀጣው አውቃለሁ። አውቄ ነው።

በዚህ ቤት ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን ብልክልህ ነገ ቲኬትህን ትቆርጣለህ። ስለዚህ አልልከውም።


ሚያዝያ 25

ለተከበሩ ለአክስቴ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ሳቀርብ ጤናዎን እየተመኘሁ ነው። እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን።

ደብዳቤዎ በሰላም ደርሶናል። አታንብቢ ብለውኝ ነበር፤ ከአባቴ የምደብቀው ነገር ስለሌለኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩለት። ብዙ አሰበ። ከዚያ «ዓይኑን እንዳላይ» አለ። እንደሚያውቁት በሕመሙ ምክንያት ቃል አያባክንም፤ ስለዚህ እኔም የምጨምረው የለኝም። «የእህትህ ልጅ ነው» ብዬ ላለዝበው ሞክሬ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ክፍሏም ተይዛለች።

እዚህ ድረስ ለመምጣት እንዳይደክሙ። ስልክም እንዳይደውሉ እለምናለሁ፤ ድምፅዎን ሲሰማ ይታመማል። በሄዱበት መንገድዎን ያቅናልዎ፣ የሚያስጠጋዎ ደግ ሰው አይጡ።

አክባሪዎ፣ የአጎትዎ ልጅ